ድሪቶ

በልጅነቴ ድሪቶ የድህነት ስም ነበር። ቅኔ ሊቆጥር ከሩቅ አገር ወደ ደብረ ኤልያስ የመጣ ተማሪ ለብሶት ሲያልፍ እንስቅበት ነበር፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው መሆኑን ያኔ አላወቅንም።

ዛሬ ቀን የባንክ ብር፣ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ክርና የልብስ ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ የሠራቸውን ሥራዎች በፎቶግራፍ ካየሁ ወዲህ ግን መርፌም ያዝኩ። የምሠራው ከሁለት ስንዝር የማይበልጥ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ድሪቶ ነው፤ ከሥር አቡጀዲ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከላይ እራፊ። እራፊዎቹን እንደ ቃላት ደጋግሜ አቀያይራለሁ፤ የምሰፋቸው ቦታቸውን ሲያገኙ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የሟች እናቴን ቀሚስ አወጣሁ። ሦስት ሌሊት መቀሱን እያነሣሁ መልሼ አስቀመጥኩት። ያልጣመ ስንኝ ይሰረዛል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። በአራተኛው ሌሊት፣ ከብብቱ ሥር፣ እሷው የጣፈችው እራፊ ታየኝ። ለካ ድሪቶውን ጀምራው ኖሯል።

ያንን እራፊ ከመካከል አድርጌ ዙሪያውን ሰፋሁ። ጠማማው ስፌት የእኔ ነው፤ ቀጥ ያለው የእሷ።