ያልተቆጠረው ግድግዳ

ባለፈው ጥር ለንደን ዳርቻ በሚገኘው የእኅቴ ቤት ሦስት ሳምንት ሰንብቼ ነበር። ቤቱ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በየከተሞቻቸው ዳርቻ በብዛት ከሠሯቸው መንትያ ቤቶች አንዱ ነው። ሁለት ቤቶች አንድ ጣሪያ ደፍተው፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀዋል።

«ሸጬ አገሬ እገባለሁ» ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ግን ምኞቱ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። ደላላው ክፍሎቹን አይቶ፣ በዚያው መንገድ በቅርቡ ከተሸጡት ጋር አመዛዝኖ 480 ሺህ ፓውንድ ገመተላት። ሁለተኛው ወረቀት የቤቱ የኃይል አጠቃቀም ምስክር ወረቀት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ሲሆን፣ አንዴ ከወጣ 10 ዓመት ያገለግላል። ቤቱ እንደ ተማሪ ነጥብ ይሰጠውና ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ባሉት ፊደላት ይመደባል። የእኅቴ ቤት 61 አግኝቶ «ዲ» ተባለ።

«አልወደቀም፤ አልተሸለመምም» አለች እየሳቀች።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሳሎን ውስጥ በጋራው ግድግዳ በኩል በተቀመጥኩ ቁጥር ጀርባዬን ይበርደኛል። ወደ ውጭ የዞረው ቢቀዘቅዝ አይደንቅም፤ የጎረቤት ግድግዳ ምን ነካው?

ለካ ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት አሮጊት ኅዳር ላይ ታመው፣ ልጃቸው መጦሪያ ቤት አስገብቷቸዋል። ማሞቂያቸውም ጠፍቷል።

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሳቸውን ሙቀት ስሞቅ አላወቅሁም» አለችኝ።

ምስክር ወረቀቱ እንዴት እንደሚሰላ አጠያየቅሁ። መርማሪው ቴርሞሜትር ይዞ አይዞርም። የግድግዳውን ዓይነት፣ የኮርኒሱን መከላከያ ውፍረት፣ መስኮቱንና የውሃ ማሞቂያውን ይመዘግባል፤ የቀረው ስሌት ነው። ስሌቱ ሳሎኑ እስከ 21 ዲግሪ እንደሚሞቅ አድርጎ ይወስዳል፤ እኅቴ ግን የጋዙን ሒሳብ ፈርታ ከ17 አታሳልፈውም። ድፍን የሆነ የጋራ ግድግዳ ደግሞ ሙቀት አያባክንም ተብሎ ይታለፋል፤ ጎረቤትም ቤቱን ያሞቃል ተብሎ ይታሰባልና። ይህን ስሕተት አልለውም። ቤትን ከቤት ለማወዳደር ነዋሪውን መርሳት ግድ ይላል። ደላላውም ቢሆን መኝታ ቤት ይቆጥራል እንጂ ጎረቤት አይቆጥርም።

አንድ ምሽት ደላላው እንድትፈርምበት የተወላትን ውል ፊቷ ዘርግታ፣ «እዚያስ ከግድግዳው ማዶ ማን አለኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። ያደግነው ካዛንቺስ ነው፤ የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ እኛ ቤት በሚሰማበት ግቢ። ሠፈራችን በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። ጎረቤቶቻችን ከከተማዋ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተበትነዋል። በ480 ሺህ ፓውንድ አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ቤት ይገኛል፤ ያ ግድግዳ ግን አይገኝም። መልስ አልነበረኝም፤ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ለአሮጊቷ ልጅ ደወለች። ባዶ ቤት በክረምት ጨርሶ ከቀዘቀዘ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሊያፈነዳው እንደሚችል አስረድታ፣ ማሞቂያው ዝቅ ተደርጎ ቢተው እንደሚበጅ ነገረችው። ሰውየው አመስግኖ በሳምንቱ መጣና አበራው። እኅቴም አድራሻ ተቀብላ እሑድ መጦሪያ ቤቱ ሄደች፤ ኬክ ይዛ።

ከአዲስ አበባ ሆኜ ስደውልላት ውሉ እስከ ዛሬ እንዳልተፈረመ ትነግረኛለች። ግድግዳው ሞቀ ባይባልም እንደዚያ አያንዘፈዝፍም አሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ያው 61፣ ያው «ዲ» ነው።