ከጣሪያው በታች

ባለሙያው መሣሪያውን ካበራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልነካም። መለወጫው፣ ይኸውም ከአሮጌ ቴፕ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቍጥር የሚመነዝረው ሣጥን፣ ሞቆ እስኪረጋ ጠበቀ። ክሩን ያመጡት ባልቴት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሟች ባለቤታቸው በአንድ የዐቢይ ጾም ሌሊት የደረደሩት በገና በክሩ ላይ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

«እማማ፣ ሥራው ይቆያልና ነገ ቢመለሱ ይሻልዎታል» አላቸው።

«የለም ልጄ፤ የእሱ ድምፅ ከሚሰማበት ቤት ወጥቼ የት እሄዳለሁ?»

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምንድን ነው? የመለወጫው ሥራ በአጭሩ ቆጠራ ነው። የድምፁን ሞገድ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 96,000 ጊዜ እየለካ፣ የእያንዳንዱን ቅጽበት ከፍታ 24 ቢት ባለው ቍጥር ይመዘግባል። የዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር መመሪያም ከ48,000 ጊዜና ከ24 ቢት በታች እንዳይወረድ ይመክራል። ነገር ግን ቆጣሪው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው፤ ልክ ሁሉ ከዚያ ወደ ታች ይቈጠራል። የቴፕ ክር ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ጥቂት በጥቂት ይጨናነቃል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ እንዲያውም ይህን መጨናነቁን የሚወዱለት አድማጮች አሉ። ቍጥር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ከጣሪያው ያለፈው የሞገድ ጫፍ በመጋዝ እንደ ተመታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ የተቈረጠውንም እንደ ነበረ የሚመልስ ብልኀት የለም።

ባለሙያው ይህን የተማረው በመጽሐፍ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሠርግ ካሴት ሲገለብጥ፣ ልኩን የወሰነው ጸጥ ያሉትን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሰምቶ ነበር፤ ልክን ከፍ ማድረግ ድምፅን ማሳመር ይመስለው ነበርና። ከካሴቱ አጋማሽ በኋላ አንድ ፎካሪ ተነሣ። ፉከራው ከፍ ባለ ቍጥር ከጣሪያው ጋር እየተላተመ ተሰነጣጠቀ። ስሕተቱን ከሳምንታት በኋላ ተረድቶ ካሴቱን ዳግመኛ ሊለምን ቢሄድ፣ ባለቤቶቹ «ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ምን ያደርግልናል ብለን ጣልነው» አሉት። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ግልባጩ በተሠራ ማግሥት ዋናው ይጣላል፤ ያን ጊዜ ግልባጩ ራሱ ዋና ይሆናል።

ስለዚህ አሁን አይቸኵልም። ከተለያየ መሥመር የተሰኩ መሣሪያዎች በ50 ኸርዝ የሚያጕረመርመውን የመብራት ድምፅ ስለሚያስገቡ፣ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት ሰካ። ቀጥሎም 1,000 ኸርዝ የሆነ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ አስገብቶ ቮልትሜትሩ 1.23 ቮልት እስኪያሳይ አስተካከለ፤ የስቱዲዮዎች መደበኛ ልክ ይህ ነው። ቀጭን ካቻቢቴ ይዞ፣ የመለወጫው መለኪያ ከዜሮ በታች 20 ላይ እስኪቆም ድረስ ትንሿን ብሎን በፀጕር ስፋት ያህል እያዞረ፣ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አመቻቸ። የአውሮፓ ሬዲዮ ጣቢያዎች በ18 ይሠራሉ፤ የአሜሪካኖቹ ደንብ 20 ነው። በዚህ መከራከር ብዙ አያዋጣም፤ የተመረጠውን በጽሑፍ ማስፈር ይበልጣል።

«ሃያ ዴሲቤል ባዶ መተው ብክነት አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። አንድ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚይዝ የሚታጣው ከ3 ቢት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በቀሩት ውስጥ ክሩ የያዘው ሁሉ፣ የራሱ ሹክሹክታ ሳይቀር፣ ተንደላቆ ይገባል። ማጫወቻውም በመፈተሻ ክር ከዚሁ ልክ ጋር ተስተካክሏል። ክሩ ደግሞ ከመደበኛው ልክ 20 ዴሲቤል ከፍ ከማለቱ በፊት ስለሚሞላ፣ ማንም አስቀድሞ ያልሰማው ድምፅ ቢመጣ እንኳ ጣሪያውን አይነካም። ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ሊዞር ለሚችል ክር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በገና ደግሞ ለጆሮም ለመሣሪያም ፈተና ነው። በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትንንሽ ቁርበቶች የሚፈጥሩት እዝዝታ የድምፁ ነፍስ ሆኖ ሳለ፣ በገናን የማያውቅ ሰው የክር ጉድለት መስሎት «ሊያጸዳው» ይችላል። ባለሙያው ማጽጃውን ሁሉ ዘጋ። የማጫወቻውን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጠረገ፤ እዝዝታው ጠርቶ እስኪሰማም የራሱን አቋም አቀና።

ክሩ መዞር ጀመረ። የወንበር መንቀጫቀጭ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳል። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ይዋልል የነበረው መለኪያ፣ የመጀመሪያው ጅማት ሲመታ 17 ደረሰ፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ ብዙ አላለፈም።

«ሳሉንም ያዘው?» አሉ ክሩ ሲያልቅ።

«ይዞታል፣ እማማ።»

ባለሙያው በካርቶኑ ላይ የክሩን ፍጥነት፣ በሰኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም ልኩንና ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም «እንዳይጣል» ብሎ ጨመረና በሁለት እጁ መለሰላቸው።