ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበልኩበት ቀን

አድሚን፣ ስሜን ሳትጠቅሺ ፖስት አድርጊልኝ። ኩዌት ነው ያለሁት፣ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሁሌ የናንተን እያነበብኩ አንዴ ሳለቅስ አንዴ ስስቅ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ግን ተራው የኔ ይሁን። የዓሣ ማጥመድ ታሪክ ነው። አትሳቁ፣ ውስጡ ፓስፖርት አለበት።

ከአሰሪዎቿ ጋር ለሰመር ውጭ የሄደች ታውቀዋለች። ቫኬሽኑ የነሱ ነው፣ ለኛ ኩሽናው ብቻ ነው የሚቀየረው። የቤቱ ትልቁ ልጅ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ነው የሚማረው። ባለፈው ኦገስት ባባ፣ ማማ፣ የ12 ዓመቷ ልጅና የ5 ዓመቱ ትንሹ ሊጠይቁት ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ።

ለቪዛው ኤምባሲ ስንሄድ ቆንስላዋ ለብቻዬ አናገረችኝ። "ፓስፖርትሽን ማን ነው የሚይዘው?" ብላ ጠየቀችኝ። ፈርቼ "እኔ" አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ማማ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አንድ ትንሽ ቡክሌት ሰጠችኝ። ለቤት ሠራተኛም ሆነ ለሌላ ሥራ ወደ አሜሪካ ለሚገባ የሚሰጥ ነው፣ መብታችሁ ይሄ ይሄ ነው ይላል። አሰሪ ፓስፖርት መያዝ እንደማይችል፣ ችግር ከመጣ የሚደወልበትንም ቁጥር ጽፏል፣ 1-888-373-7888። ቡክሌቱን በስካርፍ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። አሜሪካ ገብተን ኢሚግሬሽኑን ገና እንዳለፍን ግን ማማ እጇን ዘረጋች። "ጀዋዝሽ እንዳይጠፋብሽ" አለች። ምንም ሳልናገር ሰጠኋት።

የተከራየነው ቤት ሉዲንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነበር። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማታ መረቡን ይጥላል፣ ሊነጋጋ ሲል ሄዶ ያወጣዋል፣ እኔ ደግሞ ቆሮሶና አምባዛውን እለያለሁ። ስለዚህ ሐይቅ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያንን ሳይ ግን "ይሄማ ባሕር ነው" አልኩ። ማዶው አይታይም። 58 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለኝ ትልቁ ልጅ፣ የኛ ሐዋሳ 90 ገደማ ነው። ትንሹ ልጅ አላመነም፣ ዝቅ ብሎ በእጁ ቀመሰው። ጨው የለውም።

ባባ ሳልሞን ለማጥመድ ከነካፒቴኑ ጀልባ ተከራየ። ሳልሞን ማለት ማማ ለዳይት የምትበላው ያ ሮዝ ዓሣ ነው፣ ስንቴ ጠብሼዋለሁ፣ በሕይወቱ ግን አይቼው አላውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ሳንድዊች ሠራሁ፣ ሻይ በቴርሞስ ያዝኩ፣ 11 ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። ጨለማ ነው፣ ኦገስት ሆኖ ይበርዳል።

ካፒቴኑ ሽበታም ሰውዬ ነው። ስንገባ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ስድስት። ሕጉ ከ6 ተሳፋሪ በላይ አይፈቅድለትም። ማማ ወደኔ እያየች "እሷ ሠራተኛ ናት" አለች በእንግሊዝኛ። ካፒቴኑ "ስድስት" አለና የሕይወት ጃኬቶቹን አሳየን፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አለ። ለትንሹ ልጅ እዚያው አጠለቀለት፣ በሚሺጋን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጀልባው ክፍት ወለል ላይ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። እኔም ለበስኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ዋና ስለማልችል ነው።

ቀጥሎ ፈቃድ ጠየቀ። እዚያ አገር 17 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ አያጠምድም። ትልቁ ልጅ ለራሱ፣ ለባባና ለማማ ቀድሞ ገዝቷል። "ትንሹ ልጅ ዘንግ ሲይዝ ማን ነው የሚያግዘው?" አለ ካፒቴኑ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እሱ እኮ ጫማውን የሚያስረው በኔ ነው። "እንግዲያው ለሷም ይገዛ፣ አብራው የምትጠቀልል ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋታል። መታወቂያ አላት?"

ዝም ዝም ተባባልን። ከዚያ ማማ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ፓስፖርቴን አውጥታ ሰጠችው። ትልቁ ልጅ በስልኩ ስሜንና የልደት ቀኔን ሞላ፣ ለአንድ ቀን 10 ዶላር ገደማ ነው የከፈሉት። ሲጨርስ ካፒቴኑ ፓስፖርቱን ዘጋው። ማማ እጇን ዘርግታለች። እሱ ግን ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ለኔ ሰጠኝ። ክፋትም ደግነትም አስቦ አይመስለኝም፣ የማን እንደሆነ አይቶ ለባለቤቱ መመለሱ ነው። ለሳንድዊቹ በያዝኩት ዚፕ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩትና ከጃኬቱ ሥር ደረቴ ላይ አደረግኩት። ጀልባው ተነሳ።

አሁን ስለ ማጥመዱ ልንገራችሁ፣ ደስ ስላለኝ ነው። ትሮሊንግ ይሉታል። እንደ አባዬ መረብ ጥሎ መጠበቅ የለም፣ ጀልባው ቀስ እያለ እየሄደ መንጠቆዎቹን ከኋላ ይጎትታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰው ዘና ብሎ በእግሩ እንደሚሄደው። 12 ዘንግ ነው የተዘረጋው። ጥበቡ ያ ሁሉ ክር ሳይተበተብ እያንዳንዱ በየራሱ ጥልቀትና በየራሱ ስፋት እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ከኋላ ጫፍ ላይ ዳውንሪገር የሚሉት አለ። ትንሽ ክሬን በሉት፣ በሽቦ 5 ኪሎ የሚሆን የእርሳስ ኳስ ወደ ታች ይለቃል፣ ስንት ሜትር እንደወረደም ቁጥር ያሳያል። የዘንጉ ክር ከኳሱ በላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ በሆነ ነገር ይያዛል። ኳሱ ሲወርድ ክሩንም ይዞት ይወርዳል፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ዓሣው ሲነክስ ቆንጣጩ ይለቃል፣ የጎበጠው ዘንግ ብድግ ይላል። ካፒቴኑ "ዘንጉ ቀና ሲል ሩጡ" ነው ያለን።

ሁለተኛው ክብ ፕላስቲክ ነው፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል። ክሩ ላይ ይታሰራል፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ተስተካክሎ ውሃውን እየቆፈረ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ሰሌዳ ነው፣ ክሩን ከጀልባው አርቆ ይወስደዋል። መሀሉ ላይ ጥልቁ፣ ዳር ዳሩ ላይ ላይኛው። ስለዚህ ጀልባው ሲዞር በጣም ሰፍቶ ነው የሚዞረው፣ በአንዴ ከታጠፈ 12ቱም ሹሩባ ይሆናሉ።

መንጠቆው ላይ የሚታሰረውን ነገር ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ማንኪያ። እውነቴን ነው፣ ስፑን ነው ስሙ፣ የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ ብረት። ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ማንኪያ ሳጥብ ኖሬ ማንኪያ የሚበላ ዓሣ አየሁ። ገና ጨለማ ስለነበር ካፒቴኑ ማንኪያዎቹን በባትሪ መብራት እያበራ እንዲያበሩ ካደረገ በኋላ ነው የሚጥላቸው።

ጥልቀቱ ለምን እንደሚያስጨንቀው ጠየቅኩ፣ ትልቁ ልጅ ተረጎመልኝ። በኦገስት የላይኛው ውሃ ይሞቃል፣ ከታች ግን ፍሪጅ ነው። ሳልሞን የሚወደው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ የሚሆነውን ነው። ካፒቴኑ የታችኛውን ሙቀት በመሣሪያ ያያል። ገና ሳይነጋ 12 ሜትር ላይ ነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ ኳሶቹን እያወረደ እያወረደ 25 ሜትር አደረሰው።

አንድ ሥራ ደግሞ ለኔ ተገኘ። ውሃው ውስጥ ጅራቷ እሾህ የሆነ ትንሽዬ ፍጥረት አለች፣ ክሩ ላይ እንደ እርጥብ ጥጥ ትከማችና የዘንጉን ቀለበት ትደፍናለች። ፎጣ ይዤ ክሩን ስጠርግ ካፒቴኑ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጽዳት የትም አይለቀኝም።

ሳልሞኑ ለካ የዚያ ሐይቅ ዓሣ አይደለም። ከሌላ ባሕር የመጣች አልዋይፍ የምትባል ትንሽ ዓሣ ከመጠን በላይ ተራብታ፣ እየሞተች ዳርቻውን አግምታው ነበር። እሷን እንዲበላላቸው ብለው ከፓሲፊክ በኩል እንቁላል አስመጥተው፣ አንዱን ዘር በ1966፣ ቺኑክ የሚባለውን ትልቁን በ1967 ለቀቁት። ለሥራ የመጣ ማለት ነው። ይሄን ሲነግረኝ ሳቅኩ፣ ለምን እንደሳቅኩ አልገባውም።

2 ሰዓት ሲሆን ከግራ በኩል ያለው ዘንግ ብድግ አለ። ካፒቴኑ ነቅሎ ለትንሹ ልጅ ሰጠው፣ እኔ ከኋላው አቅፌው አብሬ ያዝኩ። ወዮ! አምባዛ የሳበኝ ስንት ጊዜ ነው፣ እንደዚህ ግን አይደለም። ክሩ ዚዚዚ እያለ ወጣ። ልጠቀልል ስል ካፒቴኑ እጄን ያዘኝ፣ ሲሮጥ ልቀቂው፣ ሲቆም ዘንጉን ወደ ላይ ሳቢ፣ ዝቅ እያደረግሽ ጠቅልዪ። ክሩ ከላላ መንጠቆው ይወልቃል። ጀልባው ለምን አይቆምም ብዬ ነበር፣ ለካ ከቆመ ክሩም ይላላል፣ የሌሎቹም ሰምጠው ይተበተባሉ። ልጁ በሁለት ደቂቃ ደክሞት "አንቺ አንቺ" እያለ ተወልኝ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አንዴ አጠገባችን ደርሶ ጀልባውን ሲያይ ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፣ ሄደ አልኩ። ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ ከጭንቅላቱ በኩል በመረብ አነሳው። 9 ኪሎ ገደማ፣ ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዱ ብር።

ካፒቴኑ "የማን ዓሣ ነው?" ሲል ትንሹ ልጅ ወደኔ ጠቆመ። ትልቁ ፎቶ አነሳኝ። ለአባዬ በዋትሳፕ ስልክለት "መረቡስ የታለ?" ብሎ መለሰ።

ማታ ዓሣውን እየጠበስኩ ማማ ኩሽና ገባች። "ጀዋዙን አምጪ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ ሆኖ እያሰብኩ ነው የዋልኩት። ዲሲ የአክስቴ ልጅ አለች፣ ስንሄድ ጀምሮ "ጥፊ፣ እንቀበልሻለን" ትለኛለች። ማማም የምትፈራው ይሄንን ነው። አልፈርድባትም፣ ግን ፓስፖርቱ የኔ ነው። የሦስት ወር ደሞዝ እነሱ ጋ አለኝ፣ የወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ኦክቶበር ላይ ነው። የቪዛ ጊዜዬ ካለቀ በኋላ ተደብቆ መኖሩንም ፈራሁት። እና አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። እሷ ግን ይሄን አታውቅም።

"ማማ፣ እኔ ጋ ይሁን" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እሳቱን ዝቅ አደረግኩ፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ።

"ልታመልጪ ነው?"

"አይደለም። ቆንስላዋ 'ማን ነው የሚይዘው' ስትለኝ 'እኔ' ብያታለሁ። እንዳልዋሽ ነው።"

ጮኸች። ምን ምን እንዳለች አልጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ። ባባ መጣ፣ ትልቁም ልጅ መጣ። ትልቁ ልጅ ለእናቱ በዓረብኛ ቀስ ብሎ "እዚህ አገር ይሄ ወንጀል ነው ማማ፣ እኔ ደግሞ የምማረው እዚህ ነው" አላት። ለኔ ብሎ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ባባ "ተያት፣ ዓሣው ይቀርባል" አለ። ዓሣው ቀረበ።

ሦስት ቀን ሙሉ በስሜ አልጠራችኝም። ሻንጣዬ ተከፍቶ ያገኘሁት ጊዜም ነበር፣ ስፈትሸው ቡክሌቱ የለም። ፓስፖርቱ ግን ሻንጣ ውስጥ አልነበረም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ነው የሚተኛው።

ኩዌት ስንመለስ ኤርፖርት ላይ ድጋሚ እጇን ትዘረጋለች ብዬ ልቤ ይመታ ነበር። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግም አሰሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን እንዳይዝ ይከለክላል፣ ይሄን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። ማማ ትንሹን ልጅ ተሸክማ ወደ መኪናው ሄደች፣ ዞራም አላየችኝ።

የሦስት ወሩን ደሞዝ በኦክቶበር ሰጡኝ፣ ከመቁረጫው በቀር። ምን እንደቆረጡ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ፓስፖርቱ አሁንም በዚያው በሳንድዊቹ ላስቲክ ነው ያለው። ስከፍተው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ላስቲኩን ግን አልቀየርኩትም።