ብረት ለበሷ የአቃቂ ልጅ

በ2090 ዓ.ም. አቃቂ ቃሊቲን የሚጠብቃት ገላ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው። ደረቱ የሲኖትራክ ፊት ይመስላል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ቅባት የጎደለው ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ጭንቅላቱ ውስጥ የአንዲት የጅቡቲ መስመር ሹፌር አእምሮ አለ። ሹፌሯ አዋሽ አካባቢ ከነተሳቢዋ ተገልብጣ ሥጋዋ ከጥገና ውጭ ሲሆን፣ የሰፈሯ ሰዎች «ሞተሩ ደኅና ከሆነ ቦዲ መቼ ይጠፋል!» ብለው ሌላ ገላ ሠሩላት።

ልብ ወለዱ የእኔ ነው። አላለቀም፤ እንዲያልቅ የሚጠብቅ አሳታሚም ስለሌለ አልተጣደፍኩም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ገላው ነው። ሰው ጋብቻ ሲያስብ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? እኔም ይህ ብረት ለበስ አባቱ ማን፣ እናቱ ማን እንደሆነች ልቆጥርላችሁ ነው።

አባቱ ፈረንጅ ነው፤ መደበቅ አይቻልም። ብረት የለበሰ ተዋጊን በልብ ወለድ ወግ ማዕረግ ያስያዘው አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃይንላይን ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ወታደሮቹን ጉልበት የሚጨምር ብረት አልብሶ ከሰማይ አወረዳቸው። ከአራት ዓመት በኋላ አይረን ማን በኮሚክ መጽሔት ላይ ብቅ አለ። አይረን ማን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቀይና ወርቃማውን ልብስ ነው። የመጀመሪያው ግን ግራጫና ድብልብል ነበር፤ ሰውዬው በምርኮ ላይ ሳለ እጁ ከገባው ብረት ቀጣጥሎ የሠራው ነውና። በ1987 እ.ኤ.አ. ለፊልም የበቃው ሮቦኮፕ ደግሞ የዲትሮይት ፖሊስ ነው። ዲትሮይት የምን ከተማ ናት? የመኪና ፋብሪካ። መኪና ሲገጣጥም የኖረ አገር ሰው ሲሰበርበትም የሚጠግነው በዚያው ሙያው ነው። እዚህ ላይ ነው አቃቂ ድርሻዋን የምትጠይቀው።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው የአቃቂን ወንዝ ገድቦ ነው። ከዚያ ጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካው፣ ማቅለጫው፣ መለዋወጫው በየተራ መጣ። መለዋወጫ ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በዚያ ጥላ ሥር ገብቶ ነበር። የመሀል ከተማ ሰው ቃሊቲን የሚያውቃት በመንጃ ፈቃድ ፈተናና በወኅኒ ቤቱ ነው፤ ሁለቱም በደስታ የሚነሡ አይደሉም። እኛ የምንኖርባት ግን በድምፅ እናውቃታለን፤ ሌሊት የጫነ ተሳቢ ማርሽ ሲቀንስ፣ ጠዋት ላሜራ ሲቆረጥ፣ ቀን ቆራሌው ሲጮህ።

አንድ ነገር ግን ገና ከጅምሩ ያሳስበኝ ነበር። የአገራችን ሰው አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቷል። ለከባድ ብረት እንዲህ ያለ ስም የሰጠ ሕዝብ፣ «ጀግናህን በዚሁ ብረት አለበስኳት» ስትለው በምን ዓይን ያይሃል?

ንድፉን ይዤ የሄድኩት የሠፈራችን በያጅ ዘንድ ነው። ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግማሹ የሠፈራችን በር የእጃቸው ሥራ ነው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አዙረው አዩትና «ውፍረቱ ስንት ነው?» አሉኝ። ምንድን ነው፣ ለምንድን ነው የሚል ነገር የለም። ውፍረት።

«አሥር ሚሊ ይሁን ጋሼ።»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሡ። የአሥር ሚሊ ብረት አንዱ ካሬ 78.5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ያህል ቁመት ያለው ገላ ቆዳው ቢዘረጋ ወደ 5 ካሬ ነው። ስለዚህ ቆዳዋ ብቻ 4 ኩንታል ገደማ ሆነ። ለጦር ሜዳ ነው ብለን ሃያ ሚሊ ስናደርገው 8 ኩንታል። አጥንቱ፣ ሞተሩ፣ ባትሪው ሲደመር በግምት 15 ኩንታል ላይ ቆምን።

«ደግሞ ይኼ የበር ብረት ነው» አሉ ጋሼ፤ «ለሌባ እንጂ ለጥይት አይሆንም።» የጦር ብረት ግሎ፣ ተነክሮ፣ ጠንክሮ የሚወጣ ነው። ክፋቱ ያንን የጠነከረ ብረት ስትበይደው እሳቱ የነካው ዳርና ዳሩ መልሶ ይላላል። «እና ጠላቷ ጎበዝ ከሆነ ደረቷን አይመታም፤ ስፌቷን ነው የሚፈልገው።» ይህን ያሉኝ ሻይ እያማሰሉ ነው። እኔ በወረቀት ላይ ስንት ሚሳኤል የመለስኩበትን ደረት እሳቸው በማንኪያ በሱት።

ቀጥሎ ክረምቱ መጣ። አቃቂ ክረምት ከበጋ የተለየ አገር ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ጫማ ይበላል። 15 ኩንታል የምትመዝነው ሹፌሬ ስትራመድ መላ ክብደቷ በአንድ እግር ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። እግሯን 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል፤ ግን ሰንሰለቱ ክብደቱን ስለሚያሰፋው መሬቱን የሚጫነው ከዚህ ግማሽ በታች በሆነ ኃይል ነው። ታንክ ባለፈበት ጭቃ የእኔ ጀግና ጉልበቷ ድረስ ገብታ ትቀራለች ማለት ነው፤ ያውም ጠላት ሳይመጣ። መፍትሔው እግሯን ማስፋት ነበር። አስፍተን አስፍተን የእንጀራ ምጣድ ስናሳክለው ሒሳቡ ሰመረ። ቁንጅናዋ ግን በዚያው ቀረ።

ከክብደት ጋር የተጣላ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃርዲማን የሚባል፣ ሰው ለብሶት ከባድ ዕቃ የሚያነሣበት ብረት ጀምሮ ነበር። ልብሱ ራሱ 680 ኪሎ ገደማ መዘነ። ሙሉ አካሉን አንድ ላይ ለማንቀሳቀስ ሲሞከር እንደ ልቡ ስለሚፈራገጥ ሰው አስገብቶ ማስነሣት አልተደፈረም፤ በወጉ የሠራው አንድ ክንዱ ብቻ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ከደብረ ታቦር አውጥቶ መቅደላ ለማድረስ ሠራዊቱ ገደል እየናደ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ ወራት ፈጀበት። በ1860 ዓ.ም. መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ እንግሊዞችም ደረሱ፤ የጦርነቱን ውጤት ግን አልለወጠውም። ምስሉ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ሰው ስለ መድፉ ሲያደንቅ እኔ ስለ መንገዱ አስባለሁ። ንጉሡ መድፍ አሠሩ ይባላል እንጂ የበለጠው ሥራ መንገዱ ነው። ስለዚህ ልብ ወለዴ ውስጥ ሹፌሯ ከመዋጋቷ በፊት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ኮብልስቶን ይነጠፋል።

የኃይሉን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ አያስደስትም። በናፍጣ ትሂድ እንዳልል፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ ሞተሯ ቃሊቲ ጉምሩክ ላይ ቆሞ ሲቀር ታየኝ። ባትሪ ተመረጠ። ሁለት ኩንታል ባትሪ ብታዝል ለአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና የሚበቃ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ለሚታገል 15 ኩንታል ግን ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ደጃችን ላይ ተሠርቶ መብራት ሲጠፋ ሻማ የምንፈልግ ሰዎች ይህን ማንም እንዲያስረዳን አያስፈልገንም። መለዋወጫ ከውጭ እናስመጣ የሚሉኝንም ሶፊያን አስታውሳቸዋለሁ። ሆንግ ኮንግ የተሠራችው፣ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆችም በሶፍትዌሯ የተሳተፉባት ያቺ ዝነኛ ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ወደኛ ስትመጣ፣ የአካል ክፍሎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፋባት። እኛ ሻንጣ ሲጠፋብን የሚጎድለን ልብስ ነው።

ገላዋን ከሚሥልልኝ ሠዓሊ ጋር ግን በመልክ ተጣላን። ወጣት ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ይዞልኝ የመጣው የአንበሳ ጎፈር ራሷ ላይ የደፋች፣ አክሱም ሐውልት ጀርባዋ ላይ የተከለች፣ ክንዷን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የጠቀለለች ሴት ነው። «ምን አጠፋሁ? ኢትዮጵያዊ እንድትመስል ነው!» አለኝ። ኢትዮጵያዊ ሮቦት የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ መምሰል አለበት ያለው ማነው? ብስራት ደበበ ያወጣው «ጀምበር» የተሰኘው ኮሚክ ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ነው። ከጎፈሩ ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ነገር የበለጠ ያገራችን ሰው ያደርገዋል። ሠዓሊው አኮረፈ፤ ጎፈሩን አነሣው፤ ሐውልቱን አነሣው። ባንዲራውን መስተዋት ላይ እንደምትለጠፍ ትንሽ ነገር አድርጎ አስቀረው፤ ያንን ተውኩለት። ሹፌር ናትና።

እናቱን ያገኘኋት ሽሬ ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ከኢጣሊያ ጦር ጋር ተያያዘ። ኢጣሊያኖቹ ትንንሽ ታንኮች አሰልፈው ነበር፤ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ወደ 3 ቶን የሚመዝኑ። ለዘማቹ አዲስ ነገር ነው፤ ጥይት ተተኩሶበት የማይወድቅ፣ እየጮኸ የሚመጣ ብረት። የእነዚያ ታንኮች ጉድ ግን መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የተተከለ መሆኑ ነው። የሚዞር ግንብ የላቸውም። ጀርባውን ለማየት መላው ታንክ መዞር አለበት፤ መንገዱ ጠባብ፣ ዙሪያው ድንጋይ ነው። የእኛ ሰዎች ይህንን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በኋላ ዞረው ዘለው ወጡበት። አንዱ አርበኛ ጣሪያውን እንደ ጎረቤት በር እየደበደበ «ክፈት!» ብሎ አስከፈታቸው ተብሎ ይተረካል፤ ከተከፈተ በኋላ የሆነው ቡና ላይ አይወራም።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከንድፉ ጋር አብሬ ሳየው ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። እኛ ስለ ብረት ለበስ ስንሰማ ያደግነው ከውጭ ሆነን ነው። ጀግናው ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው ነው እንጂ ውስጥ የተቀመጠው አይደለም። ሃይንላይን ሲጽፍ ከውስጥ ወደ ውጭ እያየ ነው፤ የእኔ አንባቢ ግን ብረት ለበስ ሲያይ ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጀርባው ነው፤ መውጫ፣ መወጣጫ ይፈልጋል። ጋሼ ስለ ስፌቱ ያሉኝም ይኸው ነው። አያቶቻችን ብረት መልበስ አልተማሩም፤ የለበሰውን ማስከፈት ነው የተማሩት። በዚያ ዓይን ሲታይ ደረቷ ላይ የደረብኩት ሃያ ሚሊ ሁሉ ለዓይነ ስውርነት የተከፈለ ቀረጥ ነው። ጭንቅላቷ አንገት የለውም፤ ወደ ኋላ ማየት አትችልም።

ሠዓሊው «ጀርባዋ ላይ ካሜራ እንትከል» አለ። ካሜራ ጭቃ ይበላዋል፣ በድንጋይ ይሰበራል፤ ደግሞ በፈረንጅ ፊልም ሁሉ ያለ ነገር ነው። ጋሼ ናቸው ዝም ብለው ሰምተው «ይቺ ልጅ ሹፌር አይደለችም እንዴ?» ያሉት።

«ናት ጋሼ።»

«ታዲያ ረዳቷስ?»

እንዴት እስከዚያች ቀን ማናችንም አልጠየቅንም? በዚህ አገር ከባድ መኪና ብቻውን አይሄድም። ሹፌሩ ፊቱን ያያል፤ ኋላውን የሚያየው ረዳቱ ነው። «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ወደ ኋላ የሚያስገባው፣ ጎማ በመዶሻ መትቶ ንፋሱን የሚለካው፣ ዳገት ላይ ፍሬን ሲዝል ታኮ ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። በአይረን ማን ልብስ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን ነው፤ የሚያነጋግረውም ማሽን ነው። የእኔ ሹፌር ግን ከሃያ ሚሊ ብረት ይልቅ በፉጨት የሚግባባት አንድ ቀጭን ልጅ ይሻላታል። እንዲያውም ልጁ ከገባ በኋላ የጀርባዋን ብረት ወደ ስድስት ሚሊ ስለቀነስነው ከአንድ ኩንታል በላይ ወረደላት፤ እግሯም ትንሽ ጠበበ።

የሚቀመጥበት ቦታ አሁንም አላለቀም። ሠዓሊው ግራ ትከሻዋ ላይ ወንበር ሣለ፤ በሥዕል ሲታይ ያምራል። ጋሼ አይሆንም አሉ፤ ረዳት ሲቀመጥ ይተኛል፣ ከኋላ መርገጫና መያዣ ፌሮ ይበየድለት፣ ቁሞ ይሂድ። በወጣትነታቸው የአሰብ መስመር ረዳት እንደነበሩ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። የመርገጫውን ከፍታ ራሳቸው በጉልበታቸው ለክተው ሰጡኝ።

«ከዚህ ሁሉ በፊት ግን» አሉ ወረቀቱን እየመለሱልኝ፣ «አበሉን ተነጋገሩ። እዚያ ላይ እንደ ሌሎቹ ደራሲዎች ዝም ብለህ እንዳታልፈው።»

አላለፍኩትም። ሦስተኛው ምዕራፍ አሁን ስለ ረዳቱ የውሎ አበል ነው፤ ጦርነቱ ወደ አራተኛው ተዛውሯል።