ደብተሩ ለምን ጆንያ ገባ?

የዛሬው ጨዋታዬ የሚጀምረው ከአልጋ ስር ነው። ጥርባ፣ እናቴ ቤት፣ አልጋ ስር አንድ ጆንያ ነበር። ታናሽ እህቴ በነርስነት የተመረቀች ሰሞን፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጎረቤቱ «እልል» ሲል፣ እናቴ ደብተሮቿን ለቃቅማ ጆንያ ውስጥ ከተተችና አፉን በገመድ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። «በቃ! ልጄ ትምህርት ጨረሰች!» አለች። እኔም አጨበጨብኩ። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኛ! ትምህርት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ተመደበች። ደመወዝ መጣ፣ ጫማ ተገዛ፣ ማታ ማታ ፊልም... ንባብ? ወፍ የለም!

አንድ ሌሊት አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ መጣ። ራሱን ስቷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። እህቴ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ብላ በጎኑ አስተኛችው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንዲት ነባር ሲስተር ገባችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ስኳሩን ለካሽው?»

አልለካችም! ሲለካ 28 ሆኖ ተገኘ። ለካስ ሰውዬው የስኳር በሽተኛ ነው፤ መድኃኒቱን ወስዶ፣ እህል ሳይቀምስ አረቄውን ጠጥቶበታል። ግሉኮስ በደም ስሩ ሲሰጠው ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ገለጠ። ቢዘገይ ኖሮ አንጎሉ ይጎዳ፣ ምናልባትም ይሞት ነበር።

ጠዋት እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄንኑ እኮ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ! ያን ጆንያ ላክልኝ።»

እናንተዬ፣ መርሳት የሰነፍ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሄርማን ኤቢንግሀውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን፣ ገና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጠፍቶ አገኘው። ይህን የጻፈው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ መከለስ ነው፤ እያረፉ፣ እየደጋገሙ።

ያልተረሳውም ቢሆን ያረጃል። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ድሮ ደረቱ 15 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ይተነፈስለት ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. 30 ለ 2 ሆነ። በ2015 ደግሞ የመጫኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን ተባለ። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ራሱ ጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሙያው ገና ለጋ ነው፤ እሱ እያደገ ባለሙያው ቆሞ ሊቀር?

እህቴ አሁን ዘዴ አላት። ከተረኝነት ስትወጣ ከገጠሟት ሕመምተኞች የአንዱን ጉዳይ ያለ ስሙ ትጽፋለች፤ «ምን ሳትኩ?» ትላለች። መልሱን ከመመሪያው ታነባለች። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ለራሷ ጮክ ብላ ታስረዳለች። በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ትደግመዋለች። ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። ያልገባትን ደግሞ ያቺኑ ሲስተር ትጠይቃለች፤ ማፈር ቀርቷል!

አዲስ ተመራቂዎች ሆይ፣ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ግድ የለም። ደብተሩን ግን አትሰሩት። በሌሊት በቃሬዛ የሚመጣው ሰው ያመጣችሁትን ማርክ አይጠይቅም።

ጆንያውስ? እናቴ ድንች ታስቀምጥበታለች።