ባለ ጠረጴዛው አይሸነፍም

ወልድያ ውስጥ ከረንቡላ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሕግ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለውን ነው። ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ መለጠፍም አያስፈልገውም። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ አሥር ሰው ዙሪያውን ቆሞ ይዳኛል። ኳስ ከኳስ ተጋጭቶ መሐል የቆሙትን ትንንሽ እንጨቶች ሲጥል ጭቅጭቁ ይነሳል። «ዕድል ነው!» ይላል የተቆጠረበት። «ምን ዕድል? አስልቼ ነው እንጂ!» ይላል የቆጠረው። ጨርቁ ሁለት ቦታ ተጠግኗል፤ ኳሱ ጥገናው ላይ ሲደርስ ትንሽ ስለሚዘል ሁለቱም እውነት አላቸው። ከክርክሩ ውጪ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ በሩ አጠገብ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት ባለቤቱ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ቤት ጎበዙ ተጫዋች ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ» አሉ።

«ሲጫወቱ እኮ አይቼዎት አላውቅም።»

«ታዲያ ጉብዝናዬ እሱ አይደል?»

ይህን መልስ ይዤ ስዞር ከለንደን ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ግሮሰሪ ተቀምጠን ስለ አንድ ማሽን ነገረን። እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሳንቲም ትከትበታለህ፣ ጥያቄ ይጠይቅሃል፣ ከተደረደሩት መልሶች አንዱን ትጫናለህ፤ ደጋግመህ ካወቅህ ገንዘብ ይተፋል። ጠረጴዛችን ዝም አለ። ከመካከላችን ሁለቱ መምህራን ነበሩ፤ ዕውቀት ገንዘብ ሲተፋ ሰምተው አያውቁም።

እኔ ደግሞ የሰማሁትን ነገር ዘር መቁጠር እወዳለሁ። የዚህን ማሽን ዘር ስቆጥር መጀመሪያ የደረስኩት ለንደን አይደለም፤ አያቴ ቤት ነው፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ እሳት ዳር።

የኛ ጥያቄና መልስ ከጥንቱም ባለ ሽልማት ነበር፤ ያውም ሽልማቱ አገር። «እንቆቅልሽ!» ትላለች አያቴ። «ምን አውቅልሽ!» እንላለን። ካላወቅን አገር እንሰጣለን። ልጅ ተንኮለኛ ነውና መጀመሪያ የምንሰጣት ሐራን ነበር። ያን ጊዜ ሐራ የባቡር መስመር ይዘረጋልኛል ብላ አላሰበችም። «ሐራን ምን ላድርጋት? ሙቀቷን ልሸከም?» ብላ ትመልስልናለች። ስሪንቃን እንሰጣታለን፤ ትንሽ ታመነታለች። ውርጌሳን እንጨምራለን። በመጨረሻ «መርሳን ከነብርቱካኗ!» ስንል ትቀበላለች። አገሩን ከተረከበች በኋላ ሰጪውን እንደ ወጉ ትሰድባለች፤ ስድቡ ከጨዋታው ሕግ አንዱ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ በአንድ ምሽት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና አዲስ አበባን አስረክቦ ተኝቷል። ሲነጋ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ።

ሽልማቱ ትልቅ ነው፣ ኪሳራው ግን ምንም ነው። ለምን ቢሉ፣ ጠያቂ አለ፣ ተጠያቂ አለ፣ ሦስተኛ ሰው የለም።

ገበጣም እንደዚያው ነው። እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ይለቅማል፤ የጠጠር ክፍያ የለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ረጅም ጥናት አትመዋል፤ ሕጉ ከአካባቢ አካባቢ እየተለያየ በመላው የአፍሪካ ቀንድ እንደሚጫወቱት አሳይተዋል። ዳማም ከዚህ ወገን ነው። የካርቶን ክዳን በእስክሪፕቶ ይሰመርና አንዱ ወገን ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ ይደረድራል። ወልድያ ውስጥ ከባጃጅ ተራ አጠገብ ጥላ ሥር እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይጠፋም። ጥበቃው ከሾፌሩ ጋር ይጫወታል፤ ተራው የደረሰ ባጃጅ ተሳፋሪ ጭኖ «ቆይ አንዴ፣ ንጉሥ ልግባ» ሲል ሰምቻለሁ። ተሳፋሪው ወርዶ ምክር መስጠት ጀመረ።

ከረንቡላ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ስሙም ጠረጴዛውም የጣሊያን ነው። በጠረጴዛው ላይ ክፋት አላይበትም፤ ግን ጉድጓድ ማንም ይቆፍራል፣ ጠረጴዛ ባለቤት አለው። በእንቆቅልሽና በገበጣ ያልነበረው ሦስተኛ ሰው ደብተሩን ይዞ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው። ተሸናፊ ለአሸናፊ መክፈሉ ቀርቶ ለማይጫወተው ሰው መክፈል ጀመረ። አሸናፊውስ ምን አገኘ? ሳይከፍል እንደገና የመጫወት መብት። እስኪሸነፍ ድረስ ማለት ነው።

ጆተኒ ይህን ሥርዓት ወደ ልጆች አወረደው። ሃሮልድ ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ የጠረጴዛ እግር ኳሱን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሰውየው መርሳ ዋና መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈውን ጠረጴዛ ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ። ሳንቲም ይገባል፣ ዘንጉ ይሳባል፣ ኳሶቹ እየተንጋጉ ይወርዳሉ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ጭንቅላቱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ በረኛው ግን ደህና ነው። ያ ድምፅ፣ የኳሶቹ መንጋጋት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅን ከመንገድ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤት መጣ፤ ቆርቆሮው ወደ መጋረጃ፣ ሽቦው ወደ ኬብል ተለወጠ እንጂ ሕጉ ያው ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ወይም ይነሳል።

አሁን ወደዚያ የዕድልና የስሌት ክርክር ልመለስ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት የደረሰ ክርክር ነውና። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ፒንቦል የሚባለውን ማሽን የዕድል ጨዋታ ነው፣ ቁማር ነው ብላ ከለከለች። ከንቲባው ላጓርዲያ ፎቶ አንሺዎች ፊት ማሽኑን በመዶሻ ሰበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጋዜጠኛ ምክር ቤቱ ፊት ማሽን አስቀርቦ «ይህችን ኳስ ስለቃት በመሐለኛው መንገድ ትገባለች» አለ። ለቀቃት፤ ገባች። ክልከላው ተነሳ። ሻርፕ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያች ኳስ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ዕድል ነበር የሚል ነው። ችሎታ መሆኑ በዕድል ተመሰከረለት እንበል። የከረንቡላ ቤቱ ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቅ ብለው «ማሽኑ የማን ነበር?» ብቻ አሉኝ።

የእንግሊዙ ጠያቂ ማሽን ከዚህ ክርክር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ሲገባ መከላከያው ግልጽ ነበር፤ ይህ ዕድል ሳይሆን ዕውቀት ነው፣ ስለዚህ ቁማር አይደለም። ችግሩ ሰዎች የምር ማወቅ መቻላቸው ነው። ጥያቄዎቹን የሸመደዱ፣ ስፖርቱን አንዱ፣ ታሪኩን ሌላው ተከፋፍለው ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞሩ ማሽኑን የሚያራግፉ ሰዎች ተፈጠሩ። ባለ ማሽኖቹ ዝም አላሉም፤ ጥያቄ ጨመሩ፣ ሽልማቱ ሲቃረብ ጥያቄው እንዲከብድ አደረጉ፣ እጅ የሚያፈጥኑና ዓይን የሚያወናብዱ ጨዋታዎችን ደባለቁበት። የሚያውቅ ሰው ሲበዛ የተለወጠው ሰውየው አይደለም፣ ማሽኑ ነው።

እኛ ጋ ይህ ማሽን በአካል አልደረሰም፤ ክርክሩ ግን ደርሷል። ወልድያ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመ፣ ጥር 2009 ላይ የተመረቀ፣ 25,155 መቀመጫ ያለው ስታዲየም አላት። የከተማዋ ክለብ ከፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቱ ቤቲንግ ቤት ተኮልኩሎ በርንሌይ ስንት ጎል እንደሚቆጠርበት ያሰላል። ስሌቱ ያስደንቃል፤ የተጎዳውን ተከላካይ ስም፣ የዳኛውን ጠባይ፣ የዝናቡን ሁኔታ ሁሉ ያውቃሉ። «ይሄ ቁማር አይደለም፣ ዕውቀት ነው» አለኝ አንዱ ትኬቱን እያሳየኝ። አሥር ጨዋታ ደርድሯል። ዘጠኙ ገቡ፣ በአንዷ ተበላ። ከዕውቀት አንፃር 90 ከ100 ነው፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት ያስመሰግናል። ቤቲንግ ቤቱ ግን ዜሮ ሰጠው።

መንግሥትም በዚህ ክርክር ላይ አቋሙን ይዟል። ለውርርድ ቤቶቹ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ሲወጣ ከዕድል ሙከራ ጨዋታ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ያሸነፈ ሰው ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ዕውቀት ነው ብሎ የሚከራከር አሸናፊ እስካሁን አልገጠመኝም፤ የሚከራከሩት የተሸነፉት ናቸው።

በነገራችን ላይ ወልድያ ያለ ባለ ጠረጴዛ የቆየችበት ጊዜም ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ መብራት፣ ስልክና ባንክ በሌለበት ጊዜ፣ ስክሪን ያለው ነገር ሁሉ ጨለመ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤቲንግ ቤቶቹ የሚሠሩበት መስመር ጠፋ። ያን ጊዜ የሠራው ዳማ ነው። ያንን ዘመን ማንም አይናፍቀውም፤ ግን ቆርኪ መስመር አይፈልግም።

የዘር ቆጠራዬ መጨረሻ የወደቀው ደግሞ በገዛ ቤተሰቤ ላይ ነው። አጎቴ መርሳ የፍራፍሬ ነጋዴ ናቸው፤ ማንጎና ብርቱካን በሳጥን ያስጭናሉ። በጊዜያቸው ሚኒስትሪ ተፈትነው ከትምህርት ቤታቸው አንደኛ የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ምንም ጠይቋቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ስልካቸው ጠየቃቸው። «ከሚከተሉት ውስጥ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ የትኛዋ ናት? ኤ፣ አዲስ አበባ። ቢ፣ ናይሮቢ። መልሰው ይሸለሙ!» አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኤ ብለው ላኩ። «ትክክል ነዎት! ነጥብዎ እየጨመረ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ...» በዚያው ቀጠሉ። እያንዳንዷ መልስ ከሒሳባቸው ላይ ብር ትቆርጣለች፤ ቀሪው ሲያልቅ ካርድ ይሞላሉ። ሽልማቱ መኪና ነው፣ ግን ለመለሰ ሁሉ አይደለም፤ ከመለሱት መካከል በዕጣ ነው።

ጥያቄዎቹን በሙሉ አንብቤያቸዋለሁ። አንድም ከባድ የለባቸውም። እንግሊዞቹ የሚያውቅ ሰው ፈርተው ጥያቄ ሲያከብዱ የኛዎቹ ግን የበለጠ ገብቷቸዋል፤ ሰው እንዲቀጥል ከተፈለገ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አያቴ አንድ ጊዜ እንኳ ቀላል እንቆቅልሽ ጠይቃን አታውቅም፤ ስላከበረችን ነው። ይህ ስልክ አጎቴን በቀን ብዙ ጊዜ «ትክክል ነዎት» ይላቸዋል፣ እንዲህ ብሎም ያዋርዳቸዋል። አንድ ሰው አዲስ አበባና ናይሮቢን መለየቱ ዕውቀት ተብሎ ከተመሰገነ ከረንቡላ ቤቱ ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ አሥር ሰው ቆሞ ይስቅብሃል።

«አጎቴ፣ ይህ እኮ ዕጣ ነው» አልኳቸው።

«ዕጣ? ሁሉንም አውቄ ነው የመለስኩት!»

«ማወቅዎንማ ማን ካደ። ግን የሚያወጣው ዕጣ ነው። ወደዚያው ቁጥር ስቶፕ ብለው ይላኩና ይተውዎት።»

ስልኩን ተቀብለው ጥቂት አሰቡ። «እሺ፣ አብሽር» አሉ፤ ቀጥለውም «ስቶፕ ኤ ነው ወይስ ቢ?»

እርስዎም እንዲህ ያለ ጥያቄ በማታ የሚመጣብዎ ከሆነ፣ ወይም አባትዎ፣ አጎትዎ ወይም አክስትዎ ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባቸው ከሆነ፣ ስልኩን ተቀብለው መልእክቶቹን ይዩ፤ ጥያቄው ወደ መጣበት አጭር ቁጥር «ስቶፕ» ብለው ይላኩ። እንቢ ካለ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ደውለው ያስቆርጡ፤ የተቆረጠውንም ሒሳብ ይጠይቁ።