የአባቴ «ጄ»

አባቴ ደብዳቤ ሲጽፍ የ«ጄ»ን ቀለበት አይገጥምም ነበር። «ይድረስ ለልጄ» ብሎ ሲጀምር ብዕሩ ዞሮ ከመነሻው ሳይደርስ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ዛሬ እሱ የለም፤ ያቺ ያልገጠመች ቀለበት ግን ችኮላውንም ናፍቆቱንም ይዛ ወረቀቱ ላይ ቀርታለች።

ሰሞኑን የአንድ ዘመዴን የሠርግ ጥሪ ካርድ ስናዘጋጅ ይህቺው ቀለበት ትዝ አለችኝ። ዲዛይነሩ መጀመሪያ ያሳየን በጋዜጣ ፊደል የተጻፈ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ይነበባል፤ ግን የግብር ማስታወቂያ ይመስላል። በእጅ ጽሑፍ መልክ በተሠራ ፎንት ሲቀይረው «ኑልን» የሚለው ቃል የጠሪውን ድምፅ አገኘ።

ፈረንሳዊው ሮዤ ኤክስኮፎን እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን «ሚስትራል» የተባለ ፎንት የነደፈው ከራሱ እጅ ጽሑፍ ተነሥቶ ነው። ፊደሎቹ ለማተሚያ ከብረት የተቀረጹ ሆነው ሳለ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቀለም ይፈስሳሉ። ቪንሰንት ኮናር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 «ኮሚክ ሳንስ»ን የጀመረው በአንድ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ውስጥ የካርቱን ውሻ በመደበኛ የጽሑፍ ፊደል ሲናገር አይቶ፣ ፊደሉ ለተናጋሪው አልገጥም ስላለው ነው። ያው ፎንት ከቦታው ወጥቶ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ ግን ብዙዎች ጠሉት።

ነገሩ ከዚህ ይገባል። የእጅ ፎንት ቦታው ሰው ለሰው የሚናገርበት ነው፦ የጥሪ ካርድ፣ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን፣ የቡና ቤት ስም፣ የማር ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት። ውልና የመድኃኒት መመሪያ አይሸከምም። ጥቂት ቃል ያሳምራል፤ ገጽ ሙሉ ሲሆን ዓይን ያደክማል።

በእኛ ፊደል ሥራው ይከብዳል። እንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ተቆጥሮ 52 ቅርጽ ይበቃዋል፤ የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ናቸው። የሰው እጅ አንዱን «ን» ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሦስት መልክ እንስጠው ብንል 693 ይሆናል። ደግሞም ፊደላችን ተለያይቶ የሚቆም እንጂ የሚቀጣጠል አይደለም። የጸሐፊው እጅ የሚታወቀው በእግሮቹ ዘመም ማለት፣ በካዕብ ቅጥያ ርዝመት፣ በኃምስ ቀለበት አገጣጠም ነው። የላቲንን ዝንባሌ ቀድቶ ፊደላችን ላይ መጫን ይህን አያመጣም።

ፊደል የምትነድፉ ወጣቶች፣ ምንጫችሁ ሩቅ አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአባቶች ደብዳቤ፣ የእናቶች የዕቁብ ደብተር አለ። ቀለሙ ሳይደበዝዝ አውጡት፤ ስካን አድርጉት፤ እያንዳንዱን ፊደል አስተውላችሁ ተከተሉት። ስትከተሉትም አታቃኑት፤ ያልገጠመውን ቀለበት አትግጠሙት።